ገዳዩን ለዳርቱ እንዳትነግሯት

ጂቱ «ኢንስፔክተሩ በሩን ገፋ አድርጎ» የሚለውን ጨርሳ ጣቷን ወደሚቀጥለው መስመር ስታወርድ ከግድግዳው ማዶ ሁለት ጊዜ ተንኳኳ። ሁለት ጊዜ ማለት ድገሚው ማለት ነው፤ አንድ ጊዜ ከሆነ ቀጥዪ ማለት ነው። ይህን ማንም ቁጭ ብሎ አልተነጋገረበትም። ንባቡ ሲጀመር እንዲሁ መጣ፣ እንደዚያው ሆኖ ቀረ። ጂቱ ጣቷን ወደ ላይ መለሰች፤ ጉሮሮዋን ጠረገችና ድምጿን ትንሽ ከፍ አድርጋ፣ ፊደሎቹን እንደ ምስር አንድ በአንድ እየለቀመች እንደገና አነበበች። ኢንስፔክተሩ በሩን ገፋ አድርጎ ሲገባ መድኃኒት ቤቱ ጨለማ ነበር። ከመደርደሪያው ላይ አንድ ጠርሙስ ጎድሏል። ከማዶ አንዴ ተንኳኳ። ቀጠለች።

ከማዶ ያለችው የባሏ የበዳዳ እህት ዳርቱ ናት። ከጂቱ ጋር ከተዘጋጉ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። በአንድ ግቢ፣ በአንድ ቧንቧ፣ በአንድ መጸዳጃ ቤት እየኖሩ እንደምን አደርሽ አይባባሉም። ነገሩ የመጣው ከዚሁ ከግድግዳው ነው። ክፍሉ ድሮ አንድ ነበር። አባታቸው ሲሞቱ ለዳርቱ የደረሳት ይኸው አንድ ክፍል ሲሆን ወደ እንጦጦ ዳገት የሚያይ፣ ባሕር ዛፉ ከነጉሙ የሚታይበት አንድ መስኮት ነበረው። ዳርቱ ለለቅሶ ሱሉልታ ሄዳ ሳምንት ስትቆይ በዳዳ ቺፕውድ ገዝቶ ክፍሉን ለሁለት ከፈለው። ልጁ ሌንጮ አድጓል፣ ሳሎን ወለል ላይ ነው የሚተኛው፣ እሷ እንደሆነ ብቻዋን ናት አለ። መስኮቱ በሌንጮ በኩል ቀረ። ወደ ግቢው የሚያወጣው በር በዳርቱ በኩል ቀረ። ለሌንጮ በሳሎኑ በኩል ሌላ በር ተከፈተለት። በዳዳ ሚስማር ሲመታ ቺፕውዱን ደግፋ የያዘችለት ጂቱ ናት። ዳርቱ ከለቅሶ ተመልሳ፣ ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች፣ በቀን አምፖል አብርታ ግድግዳውን አየችውና ምንም አላለችም። እስከ ዛሬም ምንም አላለችም።

ጂቱ ከሌንጮ ክፍል ገብታ የምታነበው መስኮቱ ስላለ ነው። ማታ ማታ ከታች ካለው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከጎልማሶች ጋር ትማራለች። አስተማሪዋ ጸጋ ልጅ እግር ናት፤ ቤታችሁ ስትገቡ ያገኛችሁትን ሁሉ አንብቡ፣ የሳሙና መጠቅለያም ቢሆን፣ ብላቸዋለች። በሌንጮ ክፍል የሚገኘው ግን የወንጀል ልቦለድ ብቻ ነው። ሌንጮ ሳምንቱን መገናኛ አንድ ሕንፃ ላይ ስልክ ሲጠግን ይከርምና እሁድ እሁድ አዲስ የወጣ የወንጀል ልቦለድ ይዞ ከስልኩ ፊት ተቀምጦ ይገመግማል። ተከታይ አለው። ደራሲዎቹ ራሳቸው መጽሐፉን ይልኩለታል። ሽፋናቸው ሁሉ ጥቁር ነው፤ ወይ ቢላዋ ወይ የተጣለ የሴት ጫማ ተስሎበታል። ጂቱ ከመካከላቸው ፊደሉ ጎላ ያለውን መረጠች። ዝም ብሎ ማንበብ ግን አልሆነላትም። አፏ ሲዘጋ ፊደሉም ይዘጋባታል፤ ድምፅ ካላወጣች አንድ መስመር አይገባትም። ጸጋ ይለምድሻል ትላታለች፤ እስካሁን አልለመዳትም። ስለዚህ ባልና ልጅ ሲወጡ፣ ጉሊቷ ላይ ድንችና ሽንኩርቷን ከመደርደሯ በፊት፣ ጮክ ብላ ታነባለች። ዳርቱ ደግሞ የምትሠራው ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው፤ የምትገባው ከሰዓት ስለሆነ ጠዋት ጠዋት ቤት ናት።

መጀመሪያ ላይ ጂቱ አፍራ ድምጿን ዝቅ ታደርግ ነበር። ዝቅ ስታደርግ ከማዶ የሳህን ኮሽታው ይቆማል፣ የሆነ ነገር ወደ ግድግዳው ይጎተታል፣ ከዚያ ጸጥ ይላል። አንድ ቀን ፋርማሲስቷ ሞታ የተገኘችበት ገጽ ላይ ቃሉ ከብዷት ስትንተባተብ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለቴ ተንኳኳ። ያን ዕለት ጂቱ ገጹን ሦስት ጊዜ ነው ያነበበችው። ዳርቱ ለጂቱ አትናገርም፤ ለድመቷ ግን ትናገራለች። «ውሮ፣ ይሄ ኢንስፔክተር ደሞዙ ስንት ቢሆን ነው በየምዕራፉ ውስኪ የሚገለብጠው?» ትላለች። ሌላ ቀን ደግሞ፣ «ሴትዮዋ ከሞተች ሳምንቷ ነው፤ እስካሁን ድንኳን የጣለ የለም። እነዚህ ሰዎች ዕድር የላቸውም እንዴ፣ ውሮ?» ጂቱ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ሳቀች። እውነቷን ነው፤ ይህን ያህል ሰው ሞቶበት አንድም ሰው ያላለቀሰበት መጽሐፍ ነው። የሕንፃው ዘበኛ የተያዘ ቀን ዳርቱ በጣም ተናደደች። «ይኸው፣ ዘበኛው ነው አሉ። መቼስ ደሃ አይጠፋም።» ጂቱም ዘበኛው እንዳይሆን እየጸለየች አደረች። በምዕራፉ መጨረሻ ሲለቀቅ ከማዶ የተሰማው ትንፋሽ የራሷ ይመስል ነበር።

ዛሬ እሁድ ነው፤ ሌንጮ ከነጋ ጀምሮ እንጦጦ ላይ እየሮጠ ነው። ከማዶ ሌላ ድምፅ ነበር። ካርቶን ይጎተታል፣ ፕላስተር ይቀደዳል። ጂቱ ምዕራፉን ስትጨርስ ዳርቱ ለድመቷ እንዲህ አለቻት፦ «ውሮ፣ መኪናው ከሰዓት ይመጣል። ኮተቤ ሆቴል አብራኝ ከምትሠራው ከናዲያ ጋር የተከራየነው ቤት መስኮት አለው፤ ጸሐይ ትሞቂያለሽ። እስከዚያ ካልጨረሱልን ግን ማን እንደገደላት ሳናውቅ መሄዳችን ነው።»

ጂቱ መጽሐፉን ጭኗ ላይ ከፍታ ቀረች። የቀረው አንድ ረጅም ምዕራፍ ነው። እሷ በምትሄድበት አካሄድ አንድ ምዕራፍ ማለት ሁለት ጠዋት፣ ሲከፋ ሦስት ነው። ልትናገር አስባ ምን ብላ እንደምትጀምር አጣችው። ሁለት ዓመት የተዘጋ አፍ «መልካም መንገድ» ብሎ አይከፈትም። ሳሎን ስትወጣ በዳዳ ከውጭ ተመልሶ ዳቦውን ሻይ ውስጥ እየነከረ ነው። ዳርቱ ልትወጣ እንደሆነ ነገረችው። ዳቦውን ጨርሶ፣ ከብርጭቆው ሥር የቀረውን ዝቃጭ አይቶ፣ ማን ውጪ አላት አለ። ከዚያ በኋላ ሁለቱም ቴሌቪዥኑን አዩ፤ ድምፁ ተዘግቶ ነበር፣ ሊከፍተው የተነሣ ግን የለም።

ለነገው ጉሊት ሾላ ገበያ መሄድ ነበረባት። ብትቀር ነገ ባዶ ከረጢት ላይ መቀመጧ ነው። ሽንኩርቱ ባለፈው ሳምንት ከነበረው በኪሎ ሃያ ብር ጨምሯል። ቲማቲሙ ቀንሷል፣ ግን ግማሹ የላላ ነው። ሌላ ቀን ቢሆን ሦስት ቦታ ጠይቃ፣ ተጣልታ፣ ተመልሳ ነው የምትገዛው። ዛሬ የመጀመሪያው ነጋዴ ያላትን ከፈለች፤ ሰውዬው ራሱ ገርሞት ምነው ዛሬ ታመምሽ ወይ አላት። መኪና የሚያመልጣት ይመስል ከረጢቷን አስራ ታክሲ ተራው ላይ ቆመች። ሰልፉ ረጅም ነው። ከፊቷ ያለ ወጣት ስልኩን ከፍቶ አንድ ሰው ስለ ኳስ ሲተነትን ያዳምጣል። ጂቱ ድምፁን እንደ ዘበት እየሰማች ሳለ የልጇ ግምገማ ትዝ አላት። ሌንጮ ባለፈው ዓርብ ራት ላይ የዚህ እሁድ መጽሐፍ ያቺ ጎላ ያለ ፊደል ያላት ናት ብሎ ነበር። የሚቀረጸው ከምሳ በኋላ ነው። የሚቀረጸው እዚያው ክፍሉ ውስጥ፣ ወንበሩን ከቺፕውዱ ጋር አጣብቆ፣ የመስኮቱ ብርሃን ፊቱ ላይ እንዲያርፍ አድርጎ ነው።

ሌንጮ ደግሞ ገዳዩን ሳይናገር ገምግሞ አያውቅም። «ያላነበባችሁ ከዚህ በኋላ ዝጉት» ይላል። ትንሽ ይቆማል። ከዚያ የገዳዩን ስም ጠርቶ፣ ደራሲው የት የት እንደደበቀው፣ የት ጋ እንደተሳሳተ ይዘረግፈዋል። ተከታዮቹ የሚወዱለትም ይህንኑ ነው። ስልክ ይዘጋል። ቺፕውድ ግን አይዘጋም። ዳርቱ አንዴ ስሙን ከሰማች የቀረውን ምዕራፍ ለምን ትጠብቃለች? ካልጠበቀች ማን ያንኳኳል? ጂቱ ታክሲው ውስጥ ከረጢቷን ጭኗ ላይ አቅፋ ይህንኑ አንዱን ሐሳብ ስታመላልስ ረዳቱ ሁለት ጊዜ ሒሳብ ጠየቃት። አስፋልቱ የሚያልቅበት ወርዳ ኮብልስቶኑን ስትያያዘው ቅጠል ተሸክመው ከላይ የሚወርዱ ሴቶች መንገድ ለቀቁላት። እነሱ ሸክማቸውን ይዘው ለእሷ መንገድ መልቀቃቸው ፊቷ ምን መስሎ ቢታያቸው ነው። ጉልበቷ ያማታል። ሌላ ጊዜ መታጠፊያው ላይ ድንጋይ ላይ ቁጭ ትላለች። ዛሬ አልተቀመጠችም።

የልጇ ድምፅ ገና ከግቢው በር ይሰማ ነበር። ቋንቋው ይፈሳል ይላል፤ የመጀመሪያው መቶ ገጽ እንቅልፍ ይነሣል። የዘንድሮ የወንጀል ልቦለዶች ችግር ግን እዚህም አለ፤ ሴቶቹ ሥራቸው መሞት ብቻ ነው፣ መርማሪው ደግሞ ከራሱ ሐዘን ሌላ የሚታየው የለም። መጨረሻው በበኩሌ አሳፍሮኛል። «ያላነበባችሁ ከዚህ በኋላ ዝጉት» አለ። ቆመ። ጂቱ ከረጢቱን ሳሎን መሐል ጣለችው፤ አንድ ሽንኩርት አምልጦ በዳዳ እግር ሥር ተንከባለለ። በሩን ከፍታ ገባችና ሽንኩርት ሽንኩርት በሚሸት መዳፏ የልጇን አፍ ያዘችው።

«እማ፣ ቀረጻ ላይ ነኝ እኮ» አለ እጇን ሲያስለቅቅ።

«አክስትህ ትሰማለች» አለችው በሹክሹክታ።

«ምኑን?»

«መጽሐፉን። ገና አልጨረስንም።»

ሌንጮ መጀመሪያ እሷን፣ ቀጥሎ ግድግዳውን አየ። ከማዶ ፕላስተሩ መቀደዱን አቁሟል። «አትነጋገሩም አይደል እንዴ?»

«አንነጋገርም» አለች።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ እየተነፈሰች፣ ጆሮው ሥር ሆና ነገረችው፤ አንድ ጊዜና ሁለት ጊዜ ማንኳኳቱን፣ ስለ ውስኪውና ስለ ደሞዙ፣ ስለ ድንኳኑና ስለ ዕድሩ። ድንኳኑ ላይ ስትደርስ ሌንጮ አፉን ይዞ ሳቀ። ይህ ሁሉ ገምጋሚ ሲያወራ አንዱም ይህን አላለም አለ። ብዕር አነሣና ልጠቀምበት ወይ ብሎ ጠየቃት። የእሷ ነው፣ ሄደህ ጠይቃት አለችው። ሌንጮ ብዕሩን መልሶ አስቀመጠው። ልጅ ሆኖ ያዘለችው ዳርቱ ናት፤ አክስቴ ለማለት አዳዳ፣ አዳዳ እያለ ነው ቀሚሷን ይዞ ያደገው። መስኮቱን ከወሰደባት ወዲህ ግን በሯን አንኳኩቶ አያውቅም። ግቢ ውስጥ ሲያገኛት ስልኩን ያያል። አሁንም ስልኩን አነሣ፤ ማቆሚያውን አጣጥፎ እላይ ባሕር ዛፉ ሥር ሄጄ እቀርጻለሁ ብሎ ወጣ።

ጂቱ ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ መጽሐፉን ከፈተች። ኢንስፔክተሩ ሁሉንም መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ሰበሰባቸው። ባልየው አለ። የሕንፃው ባለቤት አለ። ረዳቷ አለች፤ ዘበኛውም በሩ ላይ ቆሟል። ከማዶ አንዴ ተንኳኳ። ጂቱ ዛሬ በቃሉ ላይ አልቆመችም፣ አልተመለሰችም፣ ጣቷ ከሚችለው በላይ ፈጠነ። ፋርማሲስቷ ያን ቀን ማታ ማንን ትጠብቅ እንደነበር ኢንስፔክተሩ ጠየቀ። ድምጿ መሻከር ጀመረ፤ ውሃ ልትጠጣ ፈልጋ ጊዜ እንዳታባክን ብላ ምራቋን ውጣ ቀጠለች። ግማሹ ላይ ስትደርስ ፒካፑ ግቢው በር ላይ ሲቆም ሰማች። ካሰበችው ቀድሞ መጣ። የናዲያ ድምፅ ተሰማ፣ የሾፌሩም። ዳርቱ ለናዲያ፣ ሻይ ይጠጣ በይው፣ ትንሽ ጉዳይ አለኝ አለች። ሾፌሩ ላምበረት ሌላ ጭነት እንዳለበት፣ ባዶ ቤት ውስጥ ምን ጉዳይ እንደሚኖር እንዳልገባው በማጉረምረም ይናገራል። ከዚያ የአልጋ ብረት ሲነሣ ተሰማ፤ የበዳዳ ሳል ነበር አብሮት። እህትና ወንድም በዚያ ጠባብ በር ሲተላለፉ አንዳች ቃል አልተሰማም። ጂቱ አላቋረጠችም። አልጋው ወጣ፣ ሳጥኑ ወጣ፣ ክፍሉ ባዶ ሲሆን የማንኳኳቱ ድምፅ ከበፊቱ ይልቅ ጎልቶ ይመለስ ጀመር።

ሌንጮ ፀጉሩ ላይ ቅጠል እንደሰካ ተመለሰ። እናቱን አያት፤ ድምጿ ሊዘጋ ነው። የቀሩትን ገጾች በአውራ ጣቱ ለካቸው። አምጪው፣ እኔ በአምስት ደቂቃ እጨርስላታለሁ አለና መጽሐፉን ከእጇ ወስዶ ማንበብ ጀመረ። ጥሩ ያነባል። እንደ ውሃ ነው የሚወርደው። ሁለት ጊዜ ተንኳኳ። ሌንጮ አላስተዋለም፤ ወደሚቀጥለው አንቀጽ ገባ። እንደገና ሁለት ጊዜ ተንኳኳ፣ አሁን በጡጫ። ሌንጮ ቆመ። ከማዶ የመጣው ድምፅ የሚናገረው ለድመቷ አልነበረም።

«እሱ ይሮጣል» አለች ዳርቱ። «አንቺ አንብቢ፣ ጂቱ።»

ሁለት ዓመት ሙሉ ስሟ ከዚያ አፍ አልወጣም ነበር። ጂቱ መጽሐፉን ተቀበለች። መስመሩን ፈልጋ አገኘችው፤ ፊደሎቹ ግን ውሃ ውስጥ የወደቁ ይመስል ይወዛወዛሉ። ኢንስፔክተሩ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ የሚለውን አነበበች። ቀጥሎ አንድ ረጅም ቃል ነበር። ጀመረችው፣ ከመሐል ጠፋባት፣ እንደገና ጀመረችው። ሌንጮ ከጎኗ ሊነግራት አፉን ከፍቶ ተወው። ፒካፑ ረጅም ጥሩንባ ነፋ። ጂቱ ቃሉን ሦስተኛ ስትጀምረው ከማዶ ዳርቱ፣ «ይበቃል» አለች። ትንሽ ቆይታ፣ «ስንት ቀረ?»

«ሁለት ገጽ» አለች ጂቱ።

«አስቀምጪው። ልጅሽ እንዳይነግርሽ።»

«አይነግረኝም።»

ጂቱ ሌላም ነገር ነበራት፤ ስለ ሚስማሩ፣ ስለ መስኮቱ፣ ቺፕውዱን ደግፎ ስለያዘው እጇ። ይህንንም እንደዚያ ረጅም ቃል ከየት በኩል እንደሚጀመር ስትፈልግ የዳርቱ በር ማጠፊያ ጮኸ። መጽሐፉን እንደያዘች በሳሎኑ ዞራ ግቢ ስትደርስ ፒካፑ ኮብልስቶኑን ጀምሮታል። ዳርቱ ከፊት ከናዲያ ጎን ተቀምጣለች፤ ጭኗ ላይ የተበሳሳ ካርቶን አለ። ወደ ኋላ ዞራ አላየችም። ካርቶኑን በሁለት እጇ ስለያዘችው ይሆናል ብላ ጂቱ ለራሷ ነገረች።

በዳዳ እጁን ሱሪው ላይ እያራገፈ ክፍሉን ከደጅ ሆኖ ቃኘው። ታች ሠፈር ያለች አንዲት ሴት የሚከራይ ቤት ትፈልጋለች፣ ነገ አነጋግራታለሁ አለ። ጂቱ አልፋው ገባች። ቺፕውዱ ከተመታ ወዲህ እዚህ እግሯ ረግጦ አያውቅም። ውጪ ገና ጸሐይ አለ፤ እዚህ ግን ዓይኗ እስኪለምድ ቆመች። አምፖሉን ዳርቱ ፈትታ ወስዳዋለች። ወለሉ ተጠርጓል። ከግድግዳው ሥር የታጠፈ ጆንያ ቀርቷል፤ ከጆንያው በላይ፣ ተቀምጣ ያለች ሴት ራስ በሚደርስበት ከፍታ፣ ቺፕውዱ ላይ የፀጉር ቅባት ያጠቆረው አንድ ክብ ቦታ አለ። በጣቷ ነካችው፤ ለስልሷል። መጽሐፉን ከፈተችና ወደ ዓይኗ አስጠጋችው። አንድም ፊደል አልታያትም። በሩን እስከ መጨረሻው ገፋችው፤ ያም ሆኖ አልታያትም።

ወደ ሌንጮ ተመልሳ መጽሐፉን ሰጠችውና ከመጀመሪያው ገጽ እንዲያነብላት፣ መጨረሻውን እንዳይነካ አስጠነቀቀችው። ገርሞት ለምን አላት። ዝም ብለህ አንብብ አለችው። ጨለማው ውስጥ ገብታ ጆንያው ላይ ተቀመጠች፤ ራሷን ያ ክብ ቦታ ላይ አስደግፋ ጆሮዋን ለጠፈች። ሌንጮ ጀመረ። ድምፁ ይመጣል፤ ቃሉ ግን ግማሹ እዚያው ይቀራል። ዝናብ የሚለውን ሰማች፣ መገናኛ የሚለውን ሰማች፣ በመካከላቸው ያለው ጉምጉምታ ብቻ ነው። ፋርማሲስቷ ምን ለብሳ እንደወጣች የሚለው አመለጣት፤ እሷ ራሷ ያነበበችው ገጽ ነው። ዳርቱ መጽሐፉን ሙሉ የሰማችው እንዲህ ነበር፤ ቁርጥራጩን እየለቀመች፣ የጎደለውን ከራሷ እየሞላች። ከማዶ ሌንጮ ገጽ ሲገልጥ ተሰማ።

ጂቱ እጇን አነሣችና ሁለት ጊዜ አንኳኳች።

«እማ?» አለ ሌንጮ። «ምን ማለት ነው?»

«ድገመው ማለት ነው» አለችው። «ቀስ ብለህ።»